የቁጠባ ኢንሹራንስ ጊዜው ሲደርስ፦ በብሪታንያ የተረጋገጠ ኮፒ አሠርቶ ገንዘብ እስከ መቀበል

ብሪታንያ ውስጥ ለ10፣ ለ15 ወይም ለ25 ዓመት በየወሩ ከባንክ ሲቆረጥ የኖረ የቁጠባ ኢንሹራንስ ጊዜው ቢደርስም ገንዘቡ በራሱ ጊዜ ሂሳብዎ ውስጥ አይገባም። ኩባንያው ቀኑ ሲቃረብ ደብዳቤና ፎርም ይልካል። ፎርሙን መሙላት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ብዙ ሰው የሚዘገየው ከፎርሙ ጋር አያይዙ በሚባለው ወረቀት ነው፦ የመታወቂያና የአድራሻ ማስረጃ «ሰርቲፋይድ ኮፒ»፣ ማለትም ኃላፊነት ያለበት ሰው ዋናውን አይቶ ትክክለኛ ቅጂ መሆኑን ጽፎ የፈረመበት ኮፒ። ይህ ወረቀት ተመላሽ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ በከባድ ጉዳይ አይደለም። አንድ ያልተጻፈ ቀን፣ አንድ የተለየ ፊደል ወይም ያረጀ ቢል ይበቃዋል።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ለምን እርስዎ ተጠየቁ?

ኩባንያዎች የደንበኛን ማንነት የሚያጣሩት በወንጀል የተገኘ ገንዘብ ሕጋዊ እንዳይመስል ለመከላከል በ2017 በወጣው ደንብ ተገደው ነው። አብዛኞቹ በቅድሚያ በኮምፒውተር ይሞክራሉ፦ ስምዎን፣ የትውልድ ቀንዎንና አድራሻዎን እንደ ኤክስፔሪያንና ኢኩፋክስ ካሉ የብድር መረጃ ድርጅቶች መዝገብ ጋር ያመሳክራሉ። እዚያ ውስጥ ትልቅ ክብደት ያለው የመራጮች መዝገብ ነው። የኢትዮጵያ ወይም የኤርትራ ፓስፖርት ይዞ የሚኖር ሰው ግን አገሮቹ የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆኑ በእንግሊዝና በሰሜን አየርላንድ በመራጭነት ሊመዘገብ አይችልም። ሃያ ዓመት አንድ ቤት ኖረው፣ ግብር በወቅቱ ከፍለው የኮምፒውተሩ ፍተሻ «አላገኘሁትም» የሚልበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፤ ተጠርጥረው አይደለም።

የብሪታንያ ዜግነት አግኝተው በመራጭነት ያልተመዘገቡ ካሉ ደግሞ ፖሊሲው፣ ማለትም የኢንሹራንስ ውሉ፣ ጊዜው ከመድረሱ ሁለት ሦስት ወር ቀደም ብለው ይመዝገቡ። ነፃ ነው፤ ወረቀቱን ጨርሶ ሊያስቀርልዎት ይችላል።

1. ኮፒ ከማንሳትዎ በፊት ይደውሉ

ስልክ ቁጥሩን በየዓመቱ ከሚመጣልዎት መግለጫ ላይ ይውሰዱ እንጂ በቴክስት ወይም በዋትሳፕ ከደረሰዎት መልእክት አይውሰዱ። ፖሊሲው ሊደርስ ነው ብሎ የሚጽፍ አጭበርባሪ አይጠፋም። የኩባንያውን ስም በፋይናንስ ተቆጣጣሪው፣ በኤፍሲኤ መዝገብ ላይ ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ሲደውሉ እነዚህን ይጠይቁ፦

– ፖሊሲው ላይ የተጻፈው ስሜ በእያንዳንዱ ፊደል ሲነበብ እንዴት ነው? የትውልድ ቀኔስ?
– ለማንነትና ለአድራሻ የምትቀበሏቸው ሰነዶች የትኞቹ ናቸው? ዝርዝሩን በጽሑፍ ላኩልኝ።
– ኮፒውን እንዲያረጋግጥ የምትቀበሉት ምን ሙያ ያለውን ሰው ነው? የፖስት ቤቱን ማረጋገጫስ ትቀበላላችሁ?
– ቢሉ ስንት ወር ቢሞላው ነው የማትቀበሉት? የአረጋጋጩ ፊርማስ?
– በኢንተርኔት መጫን ይቻላል ወይስ ወረቀቱ በፖስታ መምጣት አለበት?

የመልሱን ቀንና ያነጋገረዎትን ሰው ስም ጽፈው ያስቀምጡ። የእያንዳንዱ ኩባንያ ደንብ ይለያያል፤ ጎረቤትዎ ባለፈው ዓመት የተቀበሉለት ወረቀት ለእርስዎ ላይሠራ ይችላል።

2. ስምና የትውልድ ቀን መጀመሪያ ይስተካከል

እኛ ሐበሾች ብዙውን ጊዜ የምንደናቀፈው እዚህ ላይ ነው። ፖሊሲው የተከፈተው ከ20 ዓመት በፊት በራስና በአባት ስም ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ፓስፖርቱ ላይ ደግሞ የአያት ስም ተጨምሮ የቤተሰብ ስም በሚባለው ቦታ ተቀምጧል። ለኩባንያው ሠራተኛ የመጨረሻው ስም ተለየ ማለት ሰውየው ተለየ ማለት ነው። «ፀሐይ»ን አንዱ ሰነድ በቲ እና ኤስ፣ ሌላው በኤስ ብቻ ይጽፈዋል። «ትዕግስት»፣ «ገብረእግዚአብሔር»፣ «ወይንሸት»፣ አንድ ላይ ወይም ለያይተው፣ በተለያየ አናባቢ ሲጻፉ ኖረዋል። ባሏ «አበበ» ስለሆነ ደብዳቤ በ«ወይዘሮ አበበ» የሚመጣላት ሴትም አለች፤ ስሟን ቀይራ አታውቅም፤ የአገሩ ሰው ገምቶ ነው የጻፈው።

እንደ ልዩነቱ መጠን መፍትሔው ይለያያል።

አንድ ሁለት ፊደል ብቻ ከሆነ አጭር ደብዳቤና ሁለቱን አጻጻፎች የያዘ አንድ ሰነድ ይበቃል። ለምሳሌ ባንኩ በአሮጌው አጻጻፍ የላከው መግለጫ፣ አድራሻውና የሂሳብ ቁጥሩ ከአሁኑ ጋር አንድ ከሆነ፣ ጥሩ ድልድይ ነው።

ስሙ በሕግ ተቀይሮ ከሆነ፣ በጋብቻም ይሁን ስም በሚቀየርበት ሕጋዊ ሰነድ፣ በዲድ ፖል፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ ወይም ዲድ ፖሉ ራሱ ኮፒ ሆኖ ይረጋገጣል። ኮፒው ከፓስፖርቱ ጋር አብሮ ይሄዳል።

ስሙ ተቀይሮ ካላወቀና የአያት ስም ገባ ወጣ ከሆነ ትክክለኛው መንገድ «ስታቹተሪ ዲክላሬሽን» ነው። ይህ በ1835 በወጣ ሕግ መሠረት «እገሌና እገሌ የሚሉት ሁለቱም ስሞች የእኔ ናቸው» ብለው በሶሊሲተር (በጠበቃ) ወይም ቃለ መሐላ እንዲያስፈጽም በተሾመ ሰው ፊት የሚያደርጉት መግለጫ ነው። ክፍያው በደንብ የተቆረጠ ነው፦ 5 ፓውንድ፣ ለሚያያዝ ለእያንዳንዱ ሰነድ ደግሞ 2 ፓውንድ። ይህ ለማስማያው ብቻ ነው፤ ጽሑፉን ሶሊሲተሩ ካዘጋጀልዎት ለብቻው ያስከፍላል፤ ስለዚህ አስቀድመው ጽፈው ይሂዱ። ለዚህ ጉዳይ ዲድ ፖል እንዲያወጡ የሚመክርዎት ሰው ካለ አይስሙት። ዲድ ፖል ስምን ለመቀየር ነው፤ እርስዎ የሚያስፈልግዎ የድሮው ስምም የራስዎ እንደነበር ማሳየት ነው።

የትውልድ ቀን ሌላው ጣጣ ነው። ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲዛወር ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ 7፣ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8 ዓመት ይጨመራል። ፎርም የሞላው ሰው ዓመቱን ብቻ ቀይሮ ወርና ቀኑን እንዳለ ትቶት ከሆነ፣ ወይም ሳያውቅ ለሁሉም 8 ደምሮ ከሆነ፣ ፖሊሲውና ፓስፖርቱ አይገናኙም። ማስተካከያው የልደት የምስክር ወረቀት ከነትርጉሙ ነው። ትርጉሙ ላይ ተርጓሚው «ትክክለኛና የተሟላ ትርጉም ነው» ብሎ፣ ቀኑን፣ ሙሉ ስሙንና አድራሻውን መጻፍ አለበት። ያለ እነዚህ ትርጉሙ ተራ ወረቀት ነው።

ይህ ሁሉ ሳያልቅ ቢል አይሰብስቡ፤ ኮፒም አያሠሩ። ስም ማስተካከሉ ወር ከፈጀ ቢሉ ያረጅብዎታል፤ ያኔ እንደገና ከሀ ነው።

3. የትኛው ሰነድ?

ከማንነት አንድ፣ ከአድራሻ አንድ፤ አንዱ ሰነድ ለሁለቱም አያገለግልም። መንጃ ፈቃድዎን ለማንነት ካስገቡ አድራሻው ላይ ቢጻፍም ሌላ የአድራሻ ማስረጃ ይፈለጋል።

ለማንነት ጊዜው ያላለፈ ፓስፖርት ወይም ፎቶ ያለው የብሪታንያ መንጃ ፈቃድ አያከራክርም። የኢትዮጵያ ፓስፖርትዎ ካለፈበት እድሳቱን አይጠብቁ። ጊዜያዊ መንጃ ፈቃድ፣ ፕሮቪዥናል የሚባለው፣ በኢንተርኔት 34 ፓውንድ ነው፤ መኪና ባይነዱም ለመታወቂያነት ይጠቅማል። ብዙ ኩባንያዎች ይቀበሉታል፤ አስቀድመው ይጠይቁ።

ቢአርፒ የሚባለው የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ ግን አሁን ችግር ነው። ካርዶቹ የተሠሩት እስከ ታኅሣሥ ወር፣ ዲሴምበር 31 ቀን 2024 ድረስ እንዲያገለግሉ ሲሆን የመኖሪያ ፈቃዱ በኢንተርኔት ወደሚታየው ኢ-ቪዛ ተዛውሯል። ፈቃድዎ ሳያልቅ ካርዱ ብቻ አልቋል፤ የኢንሹራንሱ ሠራተኛ የሚያየው ግን ካርዱ ላይ ያለውን ቀን ነው። ፈቃድዎን ሌላ ሰው እንዲያይ ከኢ-ቪዛ የሚወጣው ሼር ኮድ ለ90 ቀን የሚያገለግል ቢሆንም የወረቀት ኮፒ ተረጋግጦ እንዲመጣ የሚፈልግ ኩባንያ ኮድ ምን እንደሚያደርግበት ላያውቅ ይችላል። የስደተኛ ጉዞ ሰነድ ያላችሁም ዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን በስልክ ሳትጠይቁ አትላኩ።

ለአድራሻ የባንክ መግለጫ፣ የጋዝ፣ የመብራት ወይም የውሃ ቢል፣ የዘመኑ የካውንስል ታክስ ደብዳቤ፣ ከግብር ቢሮ ወይም ከጡረታ የመጣ ደብዳቤ ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ከ3 ወር በላይ የቆየ ቢል አይሆንም፤ የካውንስል ታክሱ ግን ለዚያው ዓመት ይሠራል። የሞባይል ስልክ ቢል አብዛኞቹ አይወስዱም። ከኢንተርኔት አትመው ያወጡት መግለጫ ደግሞ «ዋናውን አየሁ» ለማለት ስለማያመች አረጋጋጩም ኩባንያውም ያንገራግራሉ። ባንኩ በፖስታ እንዲልክልዎት ያዝዙ፤ ጥቂት ቀን ይወስዳል።

ቢሉ በባልዎ ወይም በሚስትዎ ስም ብቻ ከሆነ አይጠቅምዎትም። ስምዎ እንዲጨመር ዛሬውኑ ይደውሉ፤ የሚቀጥለው ቢል በሁለታችሁም ስም ይመጣል።

4. ማን ይፈርም?

መንግሥት በድረ ገጹ የሚጠቁማቸው የባንክ ኃላፊ፣ የምክር ቤት አባል፣ የሃይማኖት አገልጋይ፣ የጥርስ ሐኪም፣ ቻርተርድ አካውንታንት፣ ሶሊሲተር ወይም ኖታሪ፣ መምህር ናቸው። የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ዝርዝር ግን ከዚህ ይጠባል፤ በስልክ ያገኙት ዝርዝር ነው ገዢው። ዘመድ፣ የትዳር ጓደኛ፣ አብሮ አንድ ቤት የሚኖር ሰው፣ ከገንዘቡ የሚካፈል ሰው በየትኛውም ዝርዝር የለም።

እንደኛ ፍርድ ምርጫው እንዲህ ይደረደራል። አንደኛ ሶሊሲተር፦ ስሙ በተቆጣጣሪው መዝገብ ላይ በአንድ ደቂቃ ስለሚገኝ ኩባንያው አይከራከርም። ለኮፒ ማረጋገጫ የተቆረጠ ዋጋ የለም፤ አንዱ በ5 ፓውንድ ሲያደርገው ሌላው ብዙ እጥፍ ይጠይቃል፤ ሁለት ሦስት ቢሮ ደውለው ያወዳድሩ። ቀጥሎ ፖስት ቤት፦ በአንድ ክፍያ እስከ ሦስት ሰነድ ድረስ ራሳቸው ኮፒ አንሥተው ማኅተም ያደርጉበታል፤ ቀጠሮ አይፈልግም፤ ሁሉም ቅርንጫፍ ግን አይሠራውም፤ ሁሉም ኩባንያም አይቀበለውም። ሦስተኛ የልጆችዎ ትምህርት ቤት መምህር፣ በትምህርት ቤቱ ማኅተም።

ቄስ ወይም ፓስተር ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ነው፤ ቅርብ ናቸው፤ ገንዘብም አይጠይቁም። ኩባንያው የሃይማኖት አገልጋይ ከተቀበለ ይቻላል። ነገር ግን አባታችን የቤተ ክርስቲያኑን አድራሻ፣ የማዕረግ ስማቸውንና ቀን ቀን የሚነሣ ስልክ መጻፍ አለባቸው። ኩባንያው ደውሎ «ይህን ወረቀት ፈርመዋል?» ብሎ ሲጠይቅ ስልኩ ካልተነሣ፣ ወይም ያነሣው ሰው ነገሩን ካላወቀ፣ ወረቀቱ ተመላሽ ይሆናል። በቤት አድራሻና በግል ሞባይል ብቻ የተፈረመ አይላኩ።

ኖታሪ ለዚህ ጉዳይ አያስፈልግዎትም። ዋጋው ከሶሊሲተር በእጅጉ ይበልጣል፤ ሥራውም በዋናነት ሰነድ ወደ ውጭ አገር ሲላክ ነው።

5. ኮፒውና ጽሑፉ

ኮፒው በኤ4 ወረቀት፣ ጠርዙ ሳይቆረጥ፣ ፎቶው ሳይጠቁር ይነሣ። ፓስፖርት ከሆነ ፎቶ ያለበት ገጽ፣ ከታች ያሉት ሁለቱ የማሽን መስመሮች ጭምር፤ ፊርማ ያለበት ገጽ ሌላ ከሆነ እሱም። መንጃ ፈቃድ ፊትና ጀርባው በአንድ ገጽ። ቢል ባለ ብዙ ገጽ ከሆነ ሁሉም ገጽ፤ ስምና አድራሻ ያለበት ብቻ በቂ መሆኑ ካልተነገረዎት በቀር።

ዋናውንና ኮፒውን ይዘው ራስዎ ይሂዱ። አረጋጋጩ ሁለቱን ጎን ለጎን አይቶ ኮፒው ላይ፣ ፎቶውንና ቁጥሩን በማይሸፍን ባዶ ቦታ፣ በእንግሊዝኛ ይህን ይጽፋል፦ «ሰርቲፋይድ ቱ ቢ ኤ ትሩ ኮፒ ኦቭ ዚ ኦሪጅናል ሲን ባይ ሚ»። ትርጉሙ «ዋናውን አይቼ ይህ ትክክለኛ ቅጂው መሆኑን አረጋግጣለሁ» ነው። ከሥሩ ፊርማ፣ ቀን፣ ስም በትልልቁ፣ ሙያ፣ አድራሻ፣ ስልክ። ሶሊሲተር ከሆነ የምዝገባ ቁጥሩን ይጨምር።

ፎቶ ላለው ሰነድ ብዙ ኩባንያዎች ሁለተኛ ዐረፍተ ነገር ይፈልጋሉ፦ ፎቶው የአመልካቹን መልክ በትክክል ያሳያል የሚል፣ «ትሩ ላይክነስ» የሚባለው። ይህ ከመጀመሪያው የተለየ ምስክርነት ነው። የመጀመሪያው ስለ ወረቀቱ ነው፤ ሁለተኛው ስለ እርስዎ። ለዚህ ነው ሰነዱን በሰው እጅ መላክ የማይሆነው። የፖስት ቤት ማኅተም አንዳንዴ የሚወድቀውም የመጀመሪያውን ብቻ ሲይዝ ነው።

ገጹ ከአንድ በላይ ከሆነ እያንዳንዱ ይፈረም፤ ወይም ቢያንስ «ከ3 ገጽ 1ኛው» እያለ ይቆጠር፤ ደንቡ የኩባንያው ነው። በሰማያዊ ብዕር ይፈረም ቢሉ ጥሩ ነው፤ ጥቁር ፊርማ ኮፒ የተደረገ ይመስላል። ከጠረጴዛው ከመነሣትዎ በፊት ቀኑ መጻፉን አይተው ይውጡ። ብዙ ወረቀት የሚመለሰው በዚህች ነው።

የሚላከው ብዕር የነካው ወረቀት ራሱ ነው። የተረጋገጠውን ወረቀት እንደገና ኮፒ አድርጎ መላክ ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል። ለራስዎ ግን ፎቶ አንሥተው ያስቀሩ።

6. ፎርሙ

የፖሊሲ ቁጥር፣ ባለ 6 አሃዝ ሶርት ኮድና ባለ 8 አሃዝ የሂሳብ ቁጥር ይሞላል። ሂሳቡ በፖሊሲው ባለቤት ስም መሆን አለበት፤ ወደ ልጅ ወይም ወደ ወንድም ሂሳብ አይከፍሉም። ፖሊሲው የጋራ ከሆነ ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ፤ ሁለታችሁም ለየብቻ የተረጋገጠ ኮፒ ታቀርባላችሁ፤ ተፋታችሁም ቢሆን። የፖሊሲው ዋና ሰነድ ከጠፋ ኩባንያው የጠፋ ሰነድ መግለጫ ፎርም አለው፤ ሳይጠይቁ አይልክም። ፖሊሲው ለቤት ብድር ዋስትና ተይዞ ከነበረ ብድሩ ቢያልቅም አበዳሪው መልቀቁን በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ ይህ ብቻውን ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ቀድመው ይጀምሩት።

ኮፒዎቹን በፊርማ በሚረከቡበት ፖስታ ይላኩ። ዋናውን ፓስፖርት እንዲልኩ ከተጠየቁ መጀመሪያ ሌላ መንገድ ይጠይቁ፤ ግድ ከሆነ ስፔሻል ዴሊቨሪ በሚባለው የፖስታ አገልግሎት ብቻ።

የልጆች ጉዳይ

ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2002 እስከ ጃንዋሪ 2 ቀን 2011 የተወለዱ፣ ቻይልድ ቤኔፊት ሲከፈልላቸው የነበሩ ልጆች ብዙዎቹ ቻይልድ ትረስት ፈንድ የሚባል የቁጠባ ሂሳብ አላቸው። ወላጅ በጊዜው ካልከፈተ የግብር ቢሮው ራሱ ከፍቶላቸዋል፤ ስለዚህ እናትና አባት ጨርሶ የማያውቁት ገንዘብ ሊኖር ይችላል። ልጁ 18 ሲሞላው የሚጠይቀው ራሱ ብቻ ነው። የት እንዳለ በመንግሥት ድረ ገጽ በናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥር በነፃ ይገኛል፤ ፈልጌ አገኝልሃለሁ ብሎ ከገንዘቡ ለሚቆርጥ ድርጅት ምንም አይፈርም።

የ18 ዓመት ልጅ ግን በስሙ ቢል የለውም። ጊዜያዊ መንጃ ፈቃዱን ለአድራሻ፣ ፓስፖርቱን ለማንነት ማድረግ ቀላሉ ነው። ካልሆነ ከባንኩ የመጣ የወረቀት መግለጫ፣ የናሽናል ኢንሹራንስ ደብዳቤ ወይም ከዩኒቨርሲቲው የተጻፈ ደብዳቤ ይጠይቁ። ሂሳቡ የተከፈተው ልጁ ሕፃን ሳለ በነበረ አድራሻ ስለሆነ የድሮውን አድራሻ ከወላጅ ይጠይቅ፤ ኩባንያው እሱን ይጠይቀዋል።

ከላኩ በኋላ

ከ10 የሥራ ቀን በኋላ ካልሰሙ ይደውሉ። ተመላሽ ከሆነ «አልተሟላም» የሚለውን መልስ አይቀበሉ፤ የትኛው ገጽ፣ ምን ጎደለው፣ በማን ደንብ ብለው በጽሑፍ ያስመልሱ። የመድረሻ ቀኑ ቢያልፍም ገንዘቡ አይጠፋም። ለዓመታት ሳይጠየቅ ቆይቶ በ2022 በወጣው የተረሱ ንብረቶች ሕግ ቢዛወር እንኳ ባለቤቱ ሲመጣ ይከፈላል።

ኩባንያው ያለ ምክንያት ካጓተተ ቅሬታ በጽሑፍ ያቅርቡ፤ የመጨረሻ መልስ ለመስጠት 8 ሳምንት አለው። ከዚያ በኋላ፣ ወይም መልሱ ካላረካዎት፣ ጉዳዩን ያለ ክፍያ በደንበኛና በፋይናንስ ኩባንያ መካከል ቅሬታ ወደሚዳኘው ፋይናንሺያል ኦምቡድስማን ይወስዳሉ። አስተርጓሚ ከፈለጉ ያቀርባሉ። ኩባንያው የመጨረሻ መልስ ከሰጠበት ቀን አንሥቶ ያለዎት ጊዜ 6 ወር ነው።